አስካለ ስግደት ያለችው

አስካለ ናት የበደለችኝ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፤ የግንቦት ማርያም ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የማኅበሩ ጽዋ እኔ ቤት በነበረበት ወር። ዓመቱን አልጽፈውም። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ለሌላ ሰው አይጠቅመውም። «የሺ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ቂም ይዘሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» የሚሉኝ አሉ። ደህና አድርጎ ይወስደኛል። ቂም እንቅልፍ የሚነሳው መበደሉን የሚጠራጠር ሰው ነው፤ እኔ አልጠራጠርም።

ዝም ብዬ እኖር ነበር። በቀደም ለታ ከወልድያ መናኸሪያ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በአዲሱ ፎቅ ወገብ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። አንዲት ፈረንጅ ሴት እግሯን አቆላልፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ከሥሯ «ዮጋ ለጤና፣ ዮጋ ለውበት» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «አሠልጣኝ ሜሮን»። ሜሮን የአስካለ የመጨረሻ ልጅ ናት። ባጃጁን አስቁሜ ወረድሁና አስፋልቱ ዳር አክ ብዬ ተፋሁ። ባለ ባጃጁ ደንግጦ «ማዘር፣ አመመዎት እንዴ? ሆስፒታል ላድርስዎት?» አለኝ። ሆስፒታል የሚያድነው ነገር እንዳልሆነ ለእሱ ምን ብዬ ልንገረው።

ያ ፎቅ የቆመበት ቦታ ድሮ የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነበር። አምስት የስፌት መኪና ተደርድሮ ሲንጣጣ ከሩቅ ይሰማል። ቀሚስ ለማሰፋት ሁለት ብር ይበቃል፤ ጨርቁ ቴትረን ከሆነ ሁለት ብር ከስሙኒ፣ ቴትረን ከመርፌ ሥር ይንሸራተታል እያሉ ይጨምሩበታል። ከበረንዳው ጫፍ ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻውን በሩ ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ አምባሰል ያስጮኸዋል፤ ሸክላው አንድ ቦታ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኟ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ትደጋግምና ታልፋለች፤ እኛም መድገሙን ከዘፈኑ ጋር አብረን ለምደነው ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው። የመርሳ ብርቱካን በዘንቢል መጥቶ በስሙኒ አምስት ይሰጣል፣ ለደንበኛ ስድስት። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች እንደ ደወል የሰፋ፣ ፀጉራቸው ወፍ ቢያርፍበት የማይሰማቸው፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸው ከጉልበት በላይ፣ ጫማቸው ባለ ወፍራም ሶል። ያን ሁሉ ዛሬ አንድ በአንድ መቁጠር እችላለሁ፤ ያኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም። እኔ በዚያ በረንዳ የማልፈው በጋም ይሁን ክረምት ነጠላዬን ጀርባዬ ላይ ደርቤ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። አከርካሪዬ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ወደ ግራ ጎብጧል፤ ከቀኝ ትከሻዬ ሥር ደግሞ እንደ ጡጫ የሚያህል ነገር ወጥቷል። የሰፊዎቹ አለቃ ባለፍሁ ቁጥር «ጎብጤ! ሳንቲም ጠፍቶሽ ነው መሬቱን የምትፈልጊው? ካገኘሽ እኩል ነው!» ይላል። በረንዳው በሙሉ ይስቃል። አንድ ቀን እንኳ ቀልዱን ቀይሮት አያውቅም። አንዴ ለጋብቻ የጠየቀኝ ቤት ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ከአባቴ ቤት ሲወጡ ነጠላዬን አውልቄ ውኃ ስቀዳ አዩኝ። አልተመለሱም። ያን ቀን ራሴን በራሴ ጠላሁት፤ ከዚያ በኋላ ልብሴን የምቀይረው መብራት አጥፍቼ ሆነ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ፈተና በስቴንስል እመታለሁ። የሒሳብ ፈተናውን በእጁ ጽፎ የሚያመጣልኝ ህንዳዊው መምህር ሚስተር ኩሪያን ነበር፤ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። አንድ ቀን ወረቀቱን ሰጥቶኝ «ባለቤቴ ቤት ትፈልግሻለች» አለኝ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነበር። ከተማው ስለዚያ ቤት የሚያወራው ብዙ ነው፤ ላም ያመልካሉ፣ ለእባብ ወተት ያስቀምጣሉ፣ ምኑ ቅጡ። ስገባ ግድግዳው ላይ ያየሁት ሥዕለ ማርያም ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ሚስቱ አናማ ሳቀች። በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ሐዋርያው ቶማስ አጥምቆናል የሚሉ የህንድ ኦርቶዶክሶች ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ከእኛ ጋር እህትማማች ናት። ዓርብና ረቡዕን እንደ እኛ ትጾማለች። እንደ እኛ ያልሁት ለይሉኝታ ነው፤ ከእኛ ይልቅ ትጾማለች።

አማርኛዋ ሁሉንም ሰው ወንድ ያደርጋል። «አንተ ጀርባ ያማል?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

«ይዋሻል» አለችና ነጠላዬን ከላዬ አነሳችው። ልሸሽ ነበር። እጇን እዚያ እብጠት ላይ አሳረፈችው። እናቴ እንኳ ገላዬን ስታጥበኝ ያን ቦታ ዘላ ነበር የምታልፈው። አናማ እጇን አላነሳችም፤ እንዲያውም እንደ ሊጥ ትንሽ ጫን አደረገችው። «ይሄ ቤት ነው» አለች። «ጠማማ ቤት። ግን ዝናብ አያስገባም። ለምን ይጠላል?» አለቀስሁ። እሷ ግን አላባበለችኝም፤ ሰሌን አነጠፈችና «ተኛ» አለችኝ። እሷ ራሷ በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ ወገቧን ስለተመታች አንድ የመንደራቸው ወጌሻ ያስተማራት ነገር ነው፤ ዮጋ ይባላል ብላ ነገረችኝ። ጸሎት የለበትም፣ ዜማ የለበትም። መተንፈስ፣ መጎተት፣ መታጠፍ፣ መቆየት፣ ይኸው ነው። ጀርባዬ አልተቃናም። «አይቃናም» አለችኝ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሳትሸፋፍን፤ «ጓደኛ ይሆናል።» ለሁለት ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ሄድሁ። ሲመሽ ይቆረጥመኝ የነበረው ሕመም ለቀቀኝ፤ ትንፋሼ ረዘመ። አንድ ቀን በዚያ በረንዳ ሳልፍ ነጠላዬ ክንዴ ላይ እንደነበር ያወቅሁት ካለፍሁ በኋላ ነው። አለቃው እንደ ልማዱ «ጎብጤ!» ሲል፣ «አቤት፣ ምን ጠፋህ? ላግዝህ?» አልሁት። በረንዳው በእሱ ሳቀ። ዛሬ ያች ጎዳና ስትታወሰኝ ደስ የሚለኝ ያች አንድ ቀን ብቻ ናት።

አናማና ባሏ ዘመኑ ሲከፋ አገራቸው ገቡ። ሰሌኑን ትታልኝ ሄደች። ብቻዬን ጠዋት ጠዋት እሠራ ነበር፤ ማንንም አስተምራለሁ ብዬ አላሰብሁም። ጎረቤቴ አስካለ ናት መጥታ የለመነችኝ። አስካለ መልከ መልካም ነበረች፣ ብርሌ የመሰለ አንገት፣ ሳቋ ከግቢ ግቢ የሚሰማ። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ወገቧ ተያዘ። ከመቀመጫዋ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። አማቷ እማማ ትበልጭ «ድሮ በሰባት ቀናችን ወፍጮ እንፈጭ ነበር» እያለች ታንቋሽሻታለች። እናም አንድ ቀን በጓሮ በር ገባች።

«የሺዬ፣ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ያ የህንዷ ነገር ለእኔም ይሆን ይሆን?»

«ለማን ነግረሽ ነው የመጣሽው?»

«ለማን ልንገር? ለአማቴ? በቁሜ ትቀብረኛለች!»

አምስት ወር አስተማርኋት። እውነቱን ለመናገር ከሕይወቴ ጥሩ ወራት ናቸው። እንቅስቃሴዎቹን በእኛ አጠራር ሰየምናቸው፤ ድመት፣ እባብ፣ ዛፍ። ጉልበት ተንበርክኮ፣ ግንባር ሰሌኑን ነክቶ፣ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚቆየውን ሕፃን አልነው። ለወገብ የሚበጀው እሱ ነው። እሷም ያመጣችልኝ ነገር ነበረ፤ ወደ ማርያም ማኅበሯ አስገባችኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም ማኅበር «ግቢ» ብሎኝ አያውቅም። በየወሩ በሃያ አንድ ከአሥራ ሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጬ ጽዋ ስቀበል፣ ሰው መሆን ይኼ ነው አልሁ። ተራዬ ደርሶ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እልል እየተባለ ቤቴ የገባ ቀን እናቴ ደጃፉን ስማ አለቀሰች።

በዓለ ሃምሳ ገባ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፣ ስግደት የለም። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አስካለ እኔ ቤት የምታደርገውን ቤቷም ማድረግ ጀምራ ኖሯል። አንድ ጠዋት መኝታ ቤቷ ሕፃንን እየሠራች ሳለ እማማ ትበልጭ በሩን ከፍታ ገባች። ምራቷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ምድር አስነክታ። በበዓለ ሃምሳ! ሴትዮዋ አልተሳሳተችም እላለሁ፤ ያየችውን በምታውቀው ለካችው። የእኛ አምላክ በዚህ ሰሞን አይሰገድለትም፤ ስለዚህ ለማን ነው የምትሰግደው? ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። «ኡ ኡ! የሰው ያለህ! በበዓለ ሃምሳ እየሰገደች! ለማነው? ተናገሪ፣ ለማነው?»

አስካለ እውነቱን መናገር ትችል ነበር፤ ወገቤን አሞኝ ነው፣ እንዲህ ሳደርግ ይሻለኛል ማለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እሷ ግን ያለችው «የሺ ናት ስገጂ ያለችኝ! የህንዷን ነው፣ እኔ ምን አውቄ!» ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ለማኅበሩ ጠላ ጠምቄ ነበር። ሦስት ድፎ ዳቦ ደፍቻለሁ፣ ባቄላ ቀቅያለሁ፣ ግቢውን ቀጤማ አልብሻለሁ። በማርያም ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ጠበቅን፣ እኔና እናቴ። አንድም ሰው አልመጣም። ቄሱም አልመጡም። ሊመሽ ሲል የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን የነበረችው ሴትዮ በሩ ላይ ቆመች፤ ደፉን አልረገጠችም። «ጽዋችንን ልንወስድ ነው» አለች። ገብታ ጽዋውን ያነሳችው አስካለ ናት። በፊቴ አለፈች። ወገቧ ቀጥ ብሏል፤ ግድግዳ አልያዘችም። «አስካለ» አልኋት። «አቤት» እንኳ አላለችም። ያ ጠላ እንስራው ውስጥ ሳምንት ቆይቶ ኮመጠጠ፤ እናቴ «ድፊው» ብትለኝ እምቢ አልሁ። ሽታው ቤቱን ሲይዘው ቁጭ ብዬ አሸተትሁት። እንዳልረሳ ነው ያደረግሁት፤ አልረሳሁም።

ከዚያ በኋላ ወልድያ ለእኔ አፏን የዘጋች ከተማ ሆነች። ሱቅ ስገባ ሰው ይወጣል። ሴቶች ልጃቸውን ከዓይኔ ይሸሽጋሉ። ዝውውር ጠየቅሁና ሀብሩ፣ መርሳ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ወረድሁ። መርሳ ሙቀቷ፣ ማንጎዋ፣ በጠዋት መኪና የሚርመሰመስበት መንገዷ። ዮጋውን ትቼው ነበር። ሰሌኑን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትሁት፤ ጀርባዬም እንደገና ይቆረጥመኝ ጀመር፣ ነጠላዬም ወደ ጀርባዬ ተመለሰች። አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ ሆንሁ። መጨረሻ ላይ ሕመሙ ሲበረታ ራሴን ተጸየፍሁት፤ አስካለ ጽዋውን ወሰደች፣ ጀርባዬንም ልትወስድ ነው? ብዬ ሰሌኑን አወጣሁ።

የተከራየሁት ግቢ እመት ሐዋ ዘንድ ነበር። ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ አፍ ያላት፣ ከወንዝ ውኃ በጀሪካን ስታመላልስ የኖረች ሴት። አንድ ጠዋት በሬ ገርበብ ብሎ ኖሮ አየችኝ። ሕፃን ላይ ነበርሁ። እዚህም ተጀመረ አልሁ።

«አንቺ!» አለች። «ሶላት ነው እንዴ የምትሰግጅው?»

«አይደለም፣ እመት ሐዋ። ለጀርባዬ ነው። ሲያመኝ ነው።»

ወገቧን ይዛ ቆማ አየችኝ። «ወላሂ በይ።»

«በእመቤቴ።»

«እሱም ይበቃል» አለችና ገባች። «እንግዲያው እኛ ለሶላት ከምንዞርበት ከቂብላው ዙሪና አሳዪኝ። ወደዚያ ወደ ፓፓያው። ለፓፓያ የሚሰግድ ሰው የለም፤ ማንም ቢያይ ምንም አይለን።»

ሰሌኑን ወደ ፓፓያው አዞርነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃያ ስንት ዓመት ወደ ፓፓያው ነው የሠራነው። መጀመሪያ ሐዋ ብቻ፣ ቀጥሎ እህቷ፣ ቀጥሎ ገበያ ማንጎ የሚሸጡት። ግቢው ይዘጋል፣ ወንድ አይገባም፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ የሚታረፈውን አናማ እንዳለችው ሬሳ ብዬ ብጠራው ሁሉም ተነስተው ተቀመጡ። «አላህ ይጠብቅሽ! በቁማችን ልትገንዢን ነው?» አለች አንዷ። «እረፍት በይው፣ የሺ፣ እረፍት!» እረፍት አልነው። ተሳሳቁ፣ አንኮራፉ፣ አንዷ ተኝታ ቀርታ ማንጎዋን ፍየል በላባት። ጀርባዬን ከጀርባ ሆነው ያዩታል፤ አንድም ሴት ስለሱ ያነሳች የለም፣ ሐዋ ብቻ አንድ ቀን «አንቺ ተጣመሽም ከእኔ ትታጠፊያለሽ፣ አጃኢብ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በሰው ፊት በጀርባዬ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። አስተማሪ ነኝ ያልሁትም፣ የሰው ነኝ ያልሁትም ያን ቀን ነው።

እናቴ ወልድያ የሞተች ጊዜ ድንኳን ተተከለ። የማኅበሩ ሴቶች አንድም አልመጡም፤ የእኛን ደጅ ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞረው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። በሦስተኛው ሰዓት አንድ ሚኒባስ ደጃፉ ላይ ቆመና ከውስጡ ሐዋ ወጣች፤ ከኋላዋ አሥራ አራት የመርሳ ሴቶች፣ ሽፍንፍን እንዳሉ። ንፍሮ በመሶብ ተሸክመዋል፤ ሥጋ እንደማንጋራ ያውቃሉ፣ ንፍሮ ግን የማንም ነው። ሐዋ ከድንኳኑ በር ጀምራ «እናቴ ዋይ! የየሺ እናት ዋይ!» እያለች ገባች። የማያውቋትን ሴት እንደ እናታቸው አለቀሱላት። የአስካለ አጥር ላይ የሰው ራስ ብቅ ሲል አየሁ። እሷ ነበረች። አየችን፣ ራሷን መልሳ ደበቀች።

ጡረታ ስወጣ ግን ወልድያ ተመለስሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «የእናቴ ቤት ባዶ እንዳይሆን» እላለሁ። ውሸት ነው። ይኼን ለመጀመሪያ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ የተመለስሁት ጽዋውን ስለፈለግሁ ነው። አንድ ቀን አንዷ ሙሴ ትመጣለች፣ «የሺ፣ ነይ ተቀመጪ» ትለኛለች፣ በእነዚያ ሴቶች መካከል በቦታዬ እቀመጣለሁ ብዬ ነው። በዚያ ተስፋ ዘጠኝ ዓመት ደጄን ጠረግሁ። ዛሬ ሳስበው ያንገፈግፈኛል፣ ከእነሱ ይልቅ ያ ጥበቃዬ። ሳምንት ሳምንት ለትምህርቱ መርሳ እየወረድሁ፣ ሐዋ «እዚሁ ግቢ እንጂ፣ ማን አለሽ እዚያ?» እያለችኝ፣ እኔ ግን ማታ የማኅበር ሴቶች ድምፅ ከጎረቤት ሲሰማ ጆሮዬን የማቆም ሴት ነበርሁ።

ባነሩን ባየሁ በአሥረኛው ቀን አስካለ መጣች። በዋናው በር ነው፣ በጓሮ አይደለም። ከሜሮን ጋር። አስካለ ወፍራለች፣ ሽቶ ተቀብታለች፣ አንገቷ አሁንም ያምራል። ሜሮን ስልኳን በእጇ ይዛ ተቀመጠች፤ ጥፍሯ ረጅም፣ ቱታዋ ከገላዋ የተሰፋ የሚመስል።

«የሺዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«እትዬ የሺ» አለች ሜሮን፣ «የመክፈቻ ዝግጅት አለን። እርስዎ እኮ ለዚህ አገር የመጀመሪያዋ የዮጋ አስተማሪ ነዎት። የክብር እንግዳ ሆነው እንዲገኙልን ነው። ቪዲዮም እንሠራለን፣ ሰው ይወደዋል።»

አስካለ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተመዝግበው ነበር፤ እናቶቻቸው እየመጡ እየጎተቱ አስወጧቸው። «ያች የሺ በዚህ አይደል ከማርያም ማኅበር የወጣችው? በበዓለ ሃምሳ የሚሰገድበት ነው!» እያሉ። እማማ ትበልጭ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ወሬው ግን ከእሷ ዕድሜ በልጦ የልጅ ልጇ ደጅ ላይ ቆሟል።

«ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንድ ቃል ብቻ» አለች አስካለ። «መድረኩ ላይ፣ ነገሩ አለመግባባት ነበር፣ ማንም አላባረረኝም፣ በፈቃዴ ነው የተውሁት በይ። ያኔ እኮ ሰዉ አልገባውም ነበር፣ የሺዬ። አሁን ሙሴዋ እኔ ነኝ። ተነጋግረንበታል። ለሚመጣው ማርያም ጽዋውን እዚሁ እናመጣልሻለን፣ በእልልታ።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ፈለግሁት። ዘጠኝ ዓመት ደጄን የጠረግሁለት ነገር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሽቶ ተቀብቶ። አፌ «እሺ» ሊል ቀረበ። የምናገረውን ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

«ሰዉ አልገባውም ነበር አልሽ። አንቺስ?»

«እኔማ…»

«ሜሮን፣ እናትሽ ወገቧ እንዴት እንደዳነ ነግራሻለች?»

«ምኑ?» አለች ልጅቷ።

«ተይ፣ የሺ» አለች አስካለ። «በልጄ ፊት ተይ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት። እዚሁ ንገሪያት፣ ቀጥሎም መድረኩ ላይ ንገሪ። ያን ካልሽ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ በፈቃዴ ነው የወጣሁት ባልልም ይቅር ብያታለሁ እላለሁ።»

አስካለ ወለሉን አየች። ብዙ ቆየሁላት፤ ሕፃንን ሠርታ ትንፋሽ የምትጨርስበትን ያህል። አልተናገረችም። ስለዚህ ለልጅቷ እኔ ነገርኋት። አምስቱን ወር፣ የጓሮውን በር፣ እናቷ እሷ የምታስተምረውን እኔ ቤት እንደ ተማረችው፣ አማቷ ስትጮህ ያለችውን ቃል፣ ጽዋውን ከቤቴ ያነሳው የማን እጅ እንደሆነ። አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ሜሮን ቀረች። ለአንድ አፍታ ይህች ልጅ ሰው ናት አልሁ። ስልኳን እያገላበጠች አሰበችና «ይገባኛል፣ እትዬ» አለች። «በጣም ያሳዝናል። ግን እሱን መድረክ ላይ ባናነሳው አይሻልም? ለሰዉ አጭርና ደስ የሚል ነገር ነው የሚሆነው። ጽዋውንም ቢሆን እማዬ ቃሏን አታጥፍም።»

በሩን ከፈትሁላት።

የዝግጅቱ ቀን አልሄድሁም። እንደሰማሁት ሰው መጥቷል፣ ጭብጨባም ነበረ። የእናቴን ቤት ለሁለት ነርሶች አከራየሁ። አልጋዬን፣ ሰሌኔንና ሳጥኔን በአይሱዙ አስጭኜ መርሳ ገባሁ። በማግስቱ እመት ሐዋ ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ወደሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ይዛኝ ሄደች። በመርሳ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። ጸሐፊው «ስም?» አለኝ፤ ነገርሁት። «ቀንዎ ሲደርስ ሬሳዎ የት ይሄዳል፣ ወልድያ ነው እዚህ?» አለኝ።

«እዚህ» አልሁት። ጻፈው።